ቀዝቃዛው ጎማ

ዐርብ ረፋድ፣ ቅርያት ማልአኪ፣ ከፋብሪካዎቹ ሠፈር፣
ሻውል ቁልፉን እያንቃጨለ ቆሟል ከጋራዡ በር፤
«ሰንበት ደረሰ፤ ከእንግዲህ መኪና አትቀበል» ሲለኝ፣
አንዲት አሮጌ ማዝዳ ግድግዳውን ለጥቂት ስታ ከፊቴ ቆመችብኝ።

ትርንጎ ናት። መሪውን አንቃ ይዛ፣ ጣቷ እስኪነጣ፤
ሌሊቱን የሆስፒታል ወለል ስትወለውል አድራ፣ ከአሽዶድ በዚያው መጥታ።
«ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትወስደኛለች» አለች፤
«ዛሬ ጧት ቃስቲና መብራቱ ላይ ከጭነት መኪና ልታላትመኝ ነበር።
ሁለት ጋራዥ አይተዋታል።
የቀኙን ሸራ ቀየሩ፣
የቀኙን ዲስክ ቀየሩ፣
እኔን ከገንዘቤ ለዩኝ፤ እሷ ግን ያው እንደ ጥንቷ።»

ወስጄ ነዳኋት። በብርቱካኑ እርሻ ዳር፣ መንገዱ ጭር ካለበት፣
በስድሳ ለቅቄያት፣ መሪውን ትቼ፣ ፍሬኑን ረገጥኩት።
እውነቷን ነው። አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አዞረች፣
ዕቃ ረስታ ድንገት ትዝ እንዳላት ሴት መለስ አለች።

ጋራዥ ስንገባ ክሪክ አላነሣሁም፣ ቁልፍም አልዘረጋሁ፣
መዳፌን ብቻ ከጎማ ወደ ጎማ አስጠጋሁ።
የቀኙ ያቃጥላል፣ ወባ እንደያዘው ሕፃን ግንባር።
የግራው ቀዝቃዛ፤
ሰው ሳይተኛበት እንዳደረ አልጋ።

«የቀኙን በከንቱ ከሰሱት» አልኳት፤ «እሱማ ያዘ፤
ብቻውን ስለያዘ ነው መኪናሽን ወደ ራሱ የመዘዘ።
በሽታው ካልያዘው ዘንድ ነው፤ ምንም ካላለው፣ ከዝምተኛው።»
ትርንጎ ገባት ወዲያው።
አባቷ ጥማድ በሬ ነበራቸው፣ ጎንደር፣ ወገራ፤
«አንዱ በሬ ሲለግም ቀንበሩ ይጣመማል» አለች፤
«አለንጋው ግን የሚያርፈው፣ አየህ፣ በዚያው በሚሠራ።»

የግራውን ጎማ አወለቅኩ። ፒኖቹ ደኅና ይንሸራተታሉ፤
ፒስተኑም አልዛገ፤ ሸራዎቹ እንዲያውም አዲስ ይመስላሉ።
ግሪሻ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠ። አማርኛ የሚያውቀው ሦስት ቃል፦
ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፤ በነሱው ከእኔ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል።
«ርገጥ!» የማስተንፈሻዋን ብሎን ላላ አደረግኩ፤
ዘይቱ እንደ ስስታም እንባ ጠብ… ጠብ…
ከቱቦው በላይ፣ ከብረቱ መጋጠሚያ ፈታሁ፤
«ርገጥ!» ፊቴን አለበሰኝ።
እንግዲያው ቱቦው ነው።

ላዩ ጥቁር፣ ልስልስ፤ ስንጥቅ የለው፣ እድፍ የለው፤
በቢላ ተረተርኩት፤ ውስጡ አብጦ፣ ጉሮሮው
መርፌ የማያሳልፍ።

አዙላይ የመለዋወጫ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደርሼ ሁለት ገዛሁ፣ የግራና የቀኝ፤
አብረው ያረጁ ናቸውና አንዱን ብቻ ማደስ አላሰኘኝ።
አየሩን አስወጣን፤ ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣
አረፋው ከዘይቱ ውስጥ እስኪያልቅ።
በዚያው መንገድ እጄን አንሥቼ ሞከርኳት፤
እንደ ክር ቀጥ ብላ ቆመች። ብርቱካኑ እንኳ አልደነገጠ።

ትርንጎ ሄደች። እጄን በናፍጣ ስታጠብ
የተተረተረው ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ያየኛል።
እኅቴ ያልጋነሽ ረሆቦት ናት፤ እናታችንን ስታስታምም አምስት ዓመት።
«ሁሉን ወደ ራሷ ትጎትታለች» እያልኩ ስንቴ አማኋት፣
ለዘመድ፣ ለሽማግሌ፣ ለሚስቴ፣
ለግሪሻ እንኳ፣ በሦስት ቃሉ።
እኔ፣
ላዬ ልስልስ፣ ስንጥቅ የሌለኝ።

ሻማ ሊበራ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደወልኩላት።
«ምን ሆንክ?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።
«ነገ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ እኔ ልደር እሷ ዘንድ፤ አንቺ ተኚ» አልኳት።
ዝም።
አየር እንዳለበት ፔዳል ቃሌ እስከ ወለሉ ወረደ።

ደግሜ ረገጥኩ።